ይቅደሙ የተባባሉት አባቶችና የኤሊዎቹ ደሴት

ክብር ለጨዋ ሰው ይሁን። ጨዋ ሰው ባይኖር ኖሮ ይህች ዓለም በጥድፊያዋ የት እንደምትደርስ አይታወቅም ነበር፤ ጨዋዎች በመኖራቸው፣ ተመስገን ነው፣ የትም አልደረሰችም።

ከእነዚህ ጨዋዎች ዋነኞቹ ሁለቱ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይኖራሉ። አንደኛው የብስራተ ገብርኤሉ ጋሽ ገሠሠ ናቸው፤ የእህቴ የአሰገደች ባል፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ። ሥራ ላይ በነበሩ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ታክሲ በመጣ ቁጥር «ግቡ፣ ግቡ፣ እኔ እደርሳለሁ» እያሉ ሰልፉን በሙሉ ካሳፈሩ በኋላ በእግራቸው ወደ ቢሮ የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ለዚህ የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ምስክር ነው። ሁለተኛው የፉሪው ቆርቆሮ ነጋዴ አቶ ሂርጳ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሠርግ ቤት ምግብ ሲነሳ ድንኳኑን ሁሉ ያስቀድሙና በመጨረሻ አንድ ቃሪያና ግማሽ ሎሚ በሰሐን ይዘው፣ ደረታቸውን ነፍተው ይቀመጣሉ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ በኖሩበት ዘመን ክፍለ ከተማው ሰላም ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ልጆቻቸው ተዋደዱ። የጋሽ ገሠሠ ልጅ ሄርሜላ ጀሞ አካባቢ አስተማሪ ናት፤ የአቶ ሂርጳ ልጅ ሚሳኤል አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሽምግልናው አለቀ፤ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። የጋብቻ ውል ሊፈርሙ ወደ ክፍለ ከተማው ቢሮ ሲሄዱ ሁለቱ አባቶች ምስክር ሆነው ቀረቡ።

«እርስዎ ይፈርሙ» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ እስክሪብቶውን በሁለት እጃቸው እያቀረቡ።

«እርስዎ እያሉ? ነውር ነው!» አሉ አቶ ሂርጳ፣ በሁለት እጃቸው እየመለሱ።

እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲመላለስ ጸሐፊዋ ምሳ በልታ መጣች። ሲመላለስ ሻይ ጠጥታ መጣች። ሲመላለስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ቢሮው ተዘጋ፤ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ፤ ሠርጉ ደግሞ አንድ ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። ሄርሜላ እስከ ጀሞ ድረስ ታክሲ ውስጥ አለቀሰች።

«ችግሩ ስለማይተዋወቁ ነው» አላት ሚሳኤል። «ሰው እንዲህ የሚከባበረው ሳይተዋወቅ ነው። አንድ ላይ ጥቂት ቀን ይክረሙ፤ ይላመዱ። ትንሽ ይናናቁ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።»

ሚሳኤል የሚሠራበት ድርጅት ለሠራተኞቹ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች አንዲት ሞቃታማ አገር የዕረፍት ጉዞ ያዘጋጅ ነበርና ቤተሰቡን ሁሉ አስመዘገበ። የአቶ ሂርጳ ባለቤት ወይዘሮ ማርያም ብቻ «እኔን ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃም ያዞረኛል» ብለው ፉሪ ቀሩ። እኔ ፎቶ እንዳነሳ ተብዬ ሄድኩ። ከዚህ ቀጥሎ የምለውን ሁሉ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሆቴሉ ሊፍት አባቶቻችንን ፊት ለፊት አቁሞ ባዶውን ሲወጣና ሲወርድ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን፣ ትልልቅ ኤሊዎችና ብርቅ ወፎች ወዳሉባት ትንሽ ደሴት በጀልባ ልንሄድ ባሕሩ ዳር ተሰበሰብን። የጀልባው ባለቤት ኢድሪስ የሚባል ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በሚያውቃት ትንሽ እንግሊዝኛ ሚሳኤልን አስጠነቀቀው፤ ባሕሩ እኩለ ቀን ላይ ከደሴቲቱ ይሸሻል፤ ቶሎ ደርሰን፣ ቶሎ አይተን፣ ቶሎ ካልተመለስን ጀልባዋ እስከ ማታ አሸዋ ላይ ትቀራለች።

«ይግቡ፣ አቶ ሂርጳ።»

«እርስዎ ቆመው? ምን በወጣኝ!»

«በሞቴ።»

«በሞቴ አይበሉኝ። እኔን ይቅበሩኝ፣ ይግቡ።»

«ለምን እቀብርዎታለሁ? እኔን ይቅበሩኝ!»

ኢድሪስ ግራ ገባው። «ተጣሉ እንዴ?»

«የለም፣ ተከባብረው ነው» አለው ሚሳኤል።

«ምን እየተባባሉ ነው?»

«አንዱ ሌላውን ‹ቅበረኝ› እያለ እየለመነው ነው።»

ኢድሪስ ጀልባዋን ዞሮ ዞሮ አያት። «ጀልባዬ ደህና ናት» አለ ቅር ብሎት። «ሃያ ዓመት ስሠራ አንድ ሰው አልሞተብኝም።»

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው ነበር። ከገሠሠና ከሂርጳ ማን ይቅደም የሚለውን ግን ሳይነግሩን አለፉ። በመጨረሻ መላ ያገኘችው ሄርሜላ ናት። አንዱን አባት በጀልባዋ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አቆመችና እንደ ተማሪዎቿ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብላ ቆጠረችላቸው። ሁለት እግሮች እኩል ገቡ። ጀልባዋ አልተነቃነቀችም። ኢድሪስ ላቡን ጠረገ።

ጀልባዋ ላይ ጥላ ያለው አንድ መቀመጫ ብቻ ነበር። ጋሽ ገሠሠ ለአቶ ሂርጳ ለቀቁ፤ አቶ ሂርጳ ለጋሽ ገሠሠ ለቀቁ፤ ሁለቱም ፀሐይ ላይ ተቀመጡና ጥላው ለምሳ ለያዝነው ሐብሐብ ቀረ። እህቴ ሐብሐቡን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና እዚያው ተቀመጠች።

«እኔ ጨዋነት የለኝም፤ ፀሐይም አልወድም» አለች።

መሃል ባሕር ስንደርስ ዶልፊኖች ብቅ አሉ። ዘለሉ፤ ተገለበጡ፤ ውሃ ረጩ። የነበረን የርቀት መነጽር አንድ ነው።

«ይመልከቱ፣ ጋሽ ገሠሠ።»

«አይሆንም፤ እርስዎ አይተው ይንገሩኝ።»

«እኔማ ምኑን አውቄው? እርስዎ የተማሩ ነዎት።»

«ዶልፊን ለማየት መማር አያስፈልግም። በሞቴ!»

በመነጽሩ ሲገፋፉ አመለጠና ባሕር ገባ። ዶልፊኖቹም ተከትለውት ጠለቁ፤ አልተመለሱም። ኢድሪስ ውሃውን አየ፤ ከዚያ ሚሳኤልን አየ፤ ከዚያ ሞተሩን አፈጠነ።

ደሴቲቱ ጋ ስንደርስ ባሕሩ ገና አልሸሸም ነበር። ከጀልባዋ የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሁለቱ መካከል ተሽሎክልካ ወረደች። ኢድሪስ ውሃ ውስጥ ዘሎ ወረደና ጀልባዋን አሰረ። ከዚያ በኋላ ደረጃው ተዘጋ፤ ምክንያቱም ሁለት ጨዋዎች አፋፉ ላይ ቆመው «ይቅደሙ» ይባባሉ ነበር። እኛ ሦስታችን ከኋላቸው ቀረን። ልጅ ከአባቱ፣ እኔም ከታላቄ ቀድሜ ብወርድ የጨዋነቱ ሕንጻ ሊናድ ነው።

በዚህ ጊዜ ከሩቅ ከአንድ ዘንባባ ጥላ ሥር አንድ ትልቅ ኤሊ ተነሳ። መቶ ዓመት ያለፈው ነው ይባላል፤ ጀርባው እንደ ተገለበጠ በርሜል ነው። ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ያርፋል፤ ቅጠል ይቀነጥባል፤ ያስባል። ሌሎች ሦስት ጀልባዎች መጡ፤ ሰዎቻቸው ወርደው፣ ጎብኝተው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። ኤሊውም በመጨረሻ ደረጃው ግርጌ ደረሰ፤ ቀና ብሎ ሁለቱን አባቶች አያቸው፤ ገና «ይቅደሙ» ላይ ነበሩ። ዓይኑን ጨፍኖ እዚያው ተኛ።

ባሕሩ እንደ ተባለው ሸሸ። ጀልባዋ አሸዋ ላይ ቁጭ አለች። አሁን በአራቱም ማዕዘን ደረቅ መሬት ነበርና መንገድ ጠፋ ማለት አይቻልም፤ ችግሩ የቀዳሚ ብቻ ነበር።

«ወይ ውረዱ፣ ወይ እንቁላል ጣሉ!» ትላለች እህቴ ከዘንባባው ሥር፣ ሐብሐብ እየበላች።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሄርሜላ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሚሳኤል፣ ቁርጡን ልንገርህ። ተመልሰን እነዚህ ሰዎች ካልፈረሙ ሠርግ የለም። ደግሞ ቢፈርሙስ? ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባ፣ አዳራሽ የሚያስገባ፣ ምግብ የሚያስነሳ ማን ነው? እኔ በቬሎ ቆሜ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

ሚሳኤል እጇን ያዘ።

በዚያው ሰዓት ጋሽ ገሠሠ ከቦርሳቸው የመጨረሻዋን የውሃ ጠርሙስ አወጡ። ከንፈራቸው ደርቋል። ግን ጨዋ ሰው ቀድሞ ይጠጣል?

«ይጠጡ፣ አቶ ሂርጳ።»

«ኧረ እርስዎ።»

«በሞቴ።»

«አይሆንም።»

«እኔን ይቅበሩኝ፣ አንዴ ይጎንጩ።»

«በፍጹም።»

«ልጄን!» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ ለአራተኛ ጊዜ።

አቶ ሂርጳ ጠርሙሷን አዩዋት። ፀሐዩን አዩት። ከዚያ በሁለቱ ቤተሰቦች ታሪክ ተሰምቶ የማይታወቅ ቃል ከአፋቸው ወጣ።

«እሺ» አሉ።

ጠርሙሷን ተቀበሉ፤ ክዳኗን ከፈቱ፤ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ጠጡ። ጉሮሯቸው ሲወርድና ሲወጣ ይታይ ነበር። ጨርሰው ባዶዋን በትህትና መለሱ።

ኤሊው እንኳ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«ጠጡት?» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«ጠጣሁት።»

«ሁሉንም?»

«ጠጡ ብለውኝ!»

«አልኩ! ያልኩት ግን ለማለት ነው!»

«ታዲያ ካላሰቡት ለምን ይላሉ?»

«እንቢ ማለት ያባት ነው! እኔ የምለምነው እንቢ እንዲሉኝ ነው! ሰው ሲለመን እሺ ይላል እንዴ? የት ነው ያደጉት?»

«አራቴ ለምነኸኝ ጠጣሁ! ምን አጠፋሁ?»

«‹ለምነኸኝ›? እኔን ነው ‹ለምነኸኝ›? እንግዲያው አንተም ስማኝ!»

ከ«እርስዎ» እስከ «አንተ» ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አንዳንድ ሰው ዕድሜ ልኩን አይጨርሰውም። ሁለቱ አባቶች በአንዲት ጠርሙስ ውሃ ጨረሱት።

«ከእንዲህ ያለ ሆዳም ጋር አንድ ጀልባ ላይ አልቆምም!» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«እኔስ ካንተ ኋላ የምቀር መሰለህ?» አሉ አቶ ሂርጳ።

እና ወረዱ። ሁለቱም፣ በአንድ ዓይን ጥቅሻ፣ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ፣ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ይዘላል ተብሎ በማይታሰብ አዘላለል። አሸዋው ላይ ተኝቶ የነበረው ኢድሪስ ነቅቶ አጨበጨበ።

ሄርሜላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «አለቀልን! ተጣሉ!»

ሚሳኤል ግን አፉን ከፍቶ አሸዋው ላይ የቀረውን ዱካ ያይ ነበር። «ወረዱ እኮ» አላት።

«ተጣሉ እኮ!»

«ወረዱ እኮ!»

በዚያ ከሰዓት ደሴቲቱን አየናት፤ አንዷም ጥግ አልቀረችን። አቶ ሂርጳ ለአንድ ኤሊ ቅጠል ሲያጎርሱ ጋሽ ገሠሠ ከዚያ የሚበልጥ ኤሊ ፈልገው ከዚያ የሚበልጥ ቅጠል አጎረሱ። አንዱ ቀይ ወፍ ሲያይ ሌላው ሰማያዊ አገኘሁ ይላል። ማታ ባሕሩ ሲመለስ እኛ ዞር ሳንል ሁለቱም ጀልባዋ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ፊት፣ ሌላው ኋላ፣ ጀርባ ለጀርባ። ሊፍቱም ከዚያ ወዲህ ባዶውን አልሄደም። አውሮፕላን ማረፊያ የደረስነው በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው።

የፊርማው ቀን ጋሽ ገሠሠ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ተገኙ። አቶ ሂርጳ አጥሩ ሥር ቆመው ጠበቋቸው፤ ከንጋቱ ጀምሮ እዚያ ነበሩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ስትዘረጋ ሁለቱም የየራሳቸውን እስክሪብቶ መዝዘው ፈረሙ። የአቶ ሂርጳ ፊርማ ወረቀቱን በስቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «አሁን ነው የተከፈተው፤ ጨረሳችሁ?» አለች ጸሐፊዋ። ያን ቀን ምሳዋን በሰላም በላች።

ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጋሽ ገሠሠ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት አንድ እሑድ፣ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች እህቴ ቤት መጡ። አለቃቸው አባባ ማሞ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያላስታረቁት ጠበኛ የለም ይባላል።

«ልጄ፣ ሰምተናል» አሉ። «ሁለት አባቶች ተኮራርፈው ሠርግ አይደገስም። አስታርቀን እንሂድ።»

እህቴ አሰገደች ከመቀመጫዋ ተነስታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አባባ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ አታስታርቁብኝ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እህቴ እየማለች፣ እያለቀሰች፣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፊርማውን፣ ጀልባዋን፣ ውሃዋን። አባባ ማሞ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«እስከ መቼ ነው የምትፈልጊው?»

«እስከ መልስ ብቻ። ከመልስ በኋላ እንደ ፈቀዳችሁ።»

ሦስቱ ተጠጋግተው ተመካከሩ። ከዚያ አባባ ማሞ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። እኛም ተነሳን።

«የሁለቱን ቤት ጠብ ያጽናው» አሉ።

«አሜን!»

«አስታራቂ አይግባበት፤ ምሕረት አይምጣበት።»

«አሜን!»

«ይቅር የሚል ልብ እስከ መልሱ ድረስ ከሁለቱም ይራቅ።»

«አሜን፣ አሜን!» አለች እህቴ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።