ሳይመረምሩ የሚያክሙ ጎረቤት

ሳይማር ሐኪም የሆነ ጎረቤት አለዎት? እኔ አለኝ። ሶማሌ ተራ ከሱቄ አጠገብ የመኪና ዕቃ የሚሸጡት ጋሼ ሸረፋ፣ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር አንቲባዮቲክ ያድላሉ። ደግነታቸው ወሰን የለውም፤ ችግሩም እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት ቆርቆሮ ጣቴን ቆረጠኝ።

«ሁለት ቀን ዋጥ፤ ሲሻልህ ተወው» ብለው ጋሼ ሸረፋ እንክብል ሰጡኝ።

ዋጥኩ፣ ተውኩ፣ እጄ እስከ ክርኔ አበጠ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ጣቴ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረኝ። አለቀስኩ፤ ምን ልደብቅዎ?

መድኃኒት የለመዱ ተህዋስያንን የምታጠና አንዲት ተመራማሪ ግን ከቁስሌ መግል ወስዳ ላቦራቶሪ ገባች። በሦስተኛው ቀን መጥታ፣ «የዋጡት መድኃኒት ይህን ተህዋስ አይነካውም። የሚገድለውን አግኝተናል» አለችኝ። ጣቴ ተረፈ። እግዜር ይስጣት!

ላመሰግናት ስሄድ ጋሼ ሸረፋም አብረውኝ መጡ።

«ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ሲያምሽ ምን ትውጫለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«መጀመሪያ እመረመራለሁ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ሸረፋ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉላት።

«እንግዲያው እኔንም መርምሪኝ» አሏት፤ «ትኩሳት ይዞኝ ይኸው ሁለት ወር አልለቀቀኝም።»