የተመታው ሸሚዜ ነው

በታሚል አገር አንድ ቤተሰብ ውኃ ሊያጣ ይችላል፣ መብራትም ሊያጣ ይችላል፤ በፊልም ኮሜዲ ካልሆነ አፉን የማይከፍት ሰው ግን አያጣም። የእኛ ቤት ድርሻ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ክቡር ኢላንጎቫን ናቸው። ሃያ አምስት ዓመት ሳውቃቸው የራሳቸው የሆነ አንድ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከሁሉ የሚወዱት የአንድ የድሮ ፊልም ቀልድ ነው። ኮሜዲያኑ ገበያ መሀል ተደብድቦ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ምን ሆንክ ትለዋለች።

"የተመታው ሸሚዜ ነው፤ እኔ ደህና ነኝ።"

"ሸሚዙ ውስጥ ማን ነበር ታዲያ?"

ትንሽ ያስብና "ጎረቤት" ይላል።

በከተማችን በማዱራይ ይህን በቃሉ የማይወጣ ሰው ካለ መንገደኛ ነው። ክቡርነታቸው ከሞተር ሳይክል ወድቀው ክንዳቸው የተሰበረ ዕለት ለሐኪሙ የሰጡት ቃል ይኸው ነበር። ሐኪሙም መርፌውን እየሞላ "ሸሚዙ ውስጥ ማን ነበር ታዲያ?" አላቸው። ውኃ ሲጠፋ የቤተሰቡ ዋትስአፕ ላይ ያ ያበጠ የኮሜዲያን ፊት ይመጣል። ሽንኩርት ሲወደድም ያው ፊት ነው። የክሪኬት ቡድናችን ሲሸነፍ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ ተኝተን ከሆነ ብለው።

ልቅሶ ቤትም አይምሩም። ሌባ ሆኖ የሚጫወት ኮሜዲያን የቤቱ ሰዎች ሲነቁበት የሚላት ንግግር አለች። ክቡርነታቸው አክስታችንን ሊሰናበቱ ገብተው አስከሬኗ ፊት ቆሙና፣ "ልጠይቅሽ ብመጣ ተኝተሽ ጠበቅሽኝ" አሏት። ሴቶቹ የሳሪያቸውን ጫፍ ነከሱ። መጀመሪያ የሳቀው ባሏ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ደህና አድርጎ ያለቀሰው።

እንግዲህ እኚህን ሰው ይዤ ነው ልጄን ለመዳር የተነሳሁት። በእኛ ወግ የእናት ወንድም ያልተቀመጠበት የጋብቻ ነገር አይነሳም፤ ልደብቃቸው ብል እንኳ አልችልም። ልጄ ታማራይ ሦስት ሰው አልፈልግም ብላ መልሳለች። አራተኛውን፣ ካቲራቫንን፣ ሁለቴ በስልክ አናገረችውና ሳምንቱን ሙሉ እያንጎራጎረች ሰነበተች። የልጁ አባት ግን ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ ጥርሳቸውን ያየ ተማሪ የለም ይባላል።

"ኢላንጎ፣ ዛሬ የልጁ ቤተሰብ ሊያያት ሲመጣ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ አለቀልን" አልኳቸው።

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ምን አልኩ?" አሉ፣ በአንዱ ኮሜዲያን ድምፅ።

"እጅህን ልጅቷ ራስ ላይ አድርግና ማል።"

ታማራይ ሳቋን ይዛ ጎንበስ አለች። ክቡርነታቸው እጃቸውን ጭነው ማሉ።

እንግዶቹ መጥተው ተቀመጡ። የሙዝ ጥብሱ ቀረበ፣ ጣፋጩ ኬሳሪ ቀረበ፤ የሚናገር ግን ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ ሳህናቸውን ይዘው ወደኋላ ደገፍ ሲሉ የፕላስቲኩ ወንበር እግር ቀጭ አለ። ሰውዬው ከነኬሳሪያቸው መሬት ላይ ተዘረጉ።

 ከዚያ የልጁ አክስት፣ "ገና ሳይጀመር ውድቀት፤ ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም" ስትል ሰማን። እናቱ ቦርሳዋን ሳብ አደረገች። እኔ በማስነጠስ የፈረሰ ጋብቻ አውቃለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ የታማራይ ፊት አመድ መስሏል።

ወደ ኢላንጎቫን ዞርኩ። የትከሻቸውን ፎጣ እስከ ግማሹ አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ እንባቸው ይወርዳል። በዓይኔ ያቺን ቀልድ በል እንጂ አልኳቸው፤ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው የማሉበትን መዳፍ አሳዩኝ።

ስለዚህ እኔ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ "ምን ዓይነት ርካሽ ቀልድ ነው" ስል የኖርኩት ሰው፣ ብድግ አልኩና በኮሜዲያኑ ቀጭን ድምፅ፣ "የተመታው ሸሚዜ ነው፤ እኔ ደህና ነኝ" አልኩ።

ምነው በቀረብኝ አልኩ በልቤ። ርዕሰ መምህሩ ከወደቁበት ቀና ብለው አዩኝ። ጢማቸው ላይ ኬሳሪ አለ።

"ሸሚዙ ውስጥ ማን ነበር ታዲያ?" አሉ፣ በሚስቲቱ ድምፅ።

ዓይኗን ሰብራ ዝም ማለት የሚገባት ልጄ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ፣ "ጎረቤት" አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ካቲራቫን አባቱን ሊያነሳ ሄዶ አብሮ ተቀመጠ። አክስቲቱ እስክትታነቅ ስቃ ውኃ ተሰጣት። የሠርጉ ቀን እዚያው ተቆረጠ፤ ደስታዬን መናገር አልችልም።

በግርግሩ መሀል ከእንግዶቹ አንዱ ኢላንጎቫንን ከነፎጣቸው ፎቶ አንስቷቸው ኖሯል። ከሥሩ "ሁሉን እያወቀ ዝም ያለ ሰው" ብሎ ጻፈና ለቀቀው። በሳምንቱ፣ ማንነታቸውን ጨርሶ የማያውቅ የሥራ ባልደረባዬ፣ ስለ አለቃችን ሲያማልኝ ያንኑ ፎቶ ላከልኝ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ፊት ሲልኩ የኖሩት ሰው ራሳቸው ሰው የሚቀባበለው ሚም ሆነው አረፉት። ስልኩን ይዤ ቤታቸው በረርኩ።

ኢላንጎ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ። የትኛውን ፊልም ይጠቅስ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም።

"ለታማራይ ብዬ እኮ ነው ጋሼ" አለ በመጨረሻ፣ በገዛ ድምፁ። ጎርነን ያለ ድምፅ ነው ያለው፤ አላውቅም ነበር።

 ኢላንጎ ጠጋ ብሎ ፊቴን አየ።

"ጋሼ፣ እያለቀስክ ነው እንዴ?"

"የተመታው ሸሚዜ ነው" አልኩት። "እኔ ደህና ነኝ።"