ሱናሚ ሲመጣ ማን ይቅደም?

ፍርሃት ቪዛ አይጠይቅም። ሰው ውቅያኖስን በዓይኑ ሳያይ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በስልኩ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። አላመናችሁኝም? እንግዲያው ስለ እትዬ አልማዝ ልንገራችሁ።

እትዬ አልማዝ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እኔ ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተመላለስኩ ልጆቹን ፊደል የማስቆጥር ወዶ ዘማች ነኝ። ዘንድሮ በሰመር ልጆቹን ውቅያኖስ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ካምፕ ልንወስዳቸው አሰብን። ከእናት ከአባት ርቀው ሊያድሩ! ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እትዬ ግን ለካ የሱናሚ ቪዲዮ ሲያዩ ከርመዋል። ኮል አደረጉኝና፣ "ስማ አንተ ልጅ፣ ልጆቻችንን ለማዕበል ልትገብርልን ነው? እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም!" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ይጠይቁኝ እንጂ ማስረዳት አይታክተኝም፤ ባቡር ላይ ከስልኬ ያልተማርኩት ምን አለ? ተነተንኩላቸው። በአትላንቲክ በኩል ሱናሚ ብርቅ ነው፤ ቢሆንም ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ደህና የተዘጋጀ የባሕር ዳር ትምህርት ቤት ሳይረን እስኪጮህ አይጠብቅም። መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠ ወይም ባሕሩ ድንገት ወደኋላ ከሸሸ፣ ልጆቹ ቦርሳ እንኳ ሳያነሱ አስቀድመው በእግራቸው በተለማመዱት መንገድ ወደ ከፍታ ይሮጣሉ። አንዱ ማዕበል አለፈ ብለውም አይወርዱም፤ ወንድሙ ይከተላልና። እትዬ አዳምጠው ሲያበቁ፣ "በል በተግባር አሳየኝ። ማምለጥ ከቻሉ እፈቅዳለሁ" አሉ።

አሳየኋቸዋ! ቅዳሜ ወላጅ ሁሉ ተሰበሰበ። ምድር ቤት ያለው ክፍላችን ባሕር ዳር፣ ሁለተኛው ፎቅ ተራራ ተባለ። ፊሽካ ነፋሁ። ልጆቹ እንደ ነብር ተወረወሩ፤ ደረጃው ጋ ሲደርሱ ግን ቀጥ! ለካ የሁላችን ሽማግሌ ጋሼ ተድላ ደረጃው ሥር ቆመዋል። ከትልቅ ሰው ቀድሞ ማለፍ ነውር ነው እያለ ዓመቱን ሙሉ ያስተማራቸው ማን ሆነና? ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ይቅደሙ ጋሼ!" አሉ። ጋሼ "ኧረ በሞቴ፣ እናንተ ቅደሙ" አሉ። አንዱ አባት "እርስዎ እያሉማ አይሆንም!" ብሎ መንገዱን ዘጋ። አንዲት እናት ደግሞ ከኋላ ያሉትን አዛውንቶች ላሳልፍ ብላ ሕዝቡን ወደ ባሕሩ መለሰችው። እትዬ አልማዝ ከፎቅ ቁልቁል አዩንና፣ "ሁላችሁም አልቃችኋል! ደግነቱ፣ በጨዋ ደንብ ነው የሞታችሁት" አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ግን ጎርፍን ማስቆም ባይቻል ቦይ መቅደድ ይቻላል አልኩና፣ ጋሼ ተድላን የሽሽቱ አዝማች አድርጌ ሾምኳቸው። ፊሽካ ሲሰሙ ማንንም ሳያስቀድሙ እብስ እንዲሉ ነገርኳቸው። "ሰው ምን ይለኛል?" አሉ። "ሱናሚ ይሉኝታ አያውቅም ጋሼ" አልኳቸው።

ነፋሁ። ጋሼ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ሽቅብ! ልጆቹ ተከተሉ፤ ወላጁ ተከተለ፤ ደረጃው ሰው ሳይሆን ውሃ የሚወጣበት መሰለ። እትዬ የስልካቸውን ሰዓት ከፍተው ሳያበቁ ተራራው ጢም አለ። ጋሼ እያለከለኩ፣ "ውሃው የታለ? ይምጣ!" ብለው ፎከሩ። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ቁመቴ ጨመረ።

እትዬ አልማዝ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ፈቀዱ። ልጆቹ እየዘለሉ ተቃቀፉ። እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና ቀጠሉ። "መምህራችን እንዳሳየን፣ ትልቅ ሰው ካልቀደመ እነዚህ ልጆች ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ጋሼ አብረው ይሄዳሉ። እሳቸውን እኔ እደግፋለሁ። የቀራችሁትስ፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ልታምጡ ነው? ሁላችንም እንሄዳለን!" ወላጁ በእልልታ አጸደቀው፤ የተቃቀፉት ልጆች ግን ክንዳቸው ወረደ።

የእትዬ ልጅ ሳሮን እጅጌዬን ጎተተችና በጆሮዬ፣ "ቲቸር፣ ሱናሚው የመምጣት ቻንሱ ስንት ነው?" አለችኝ።

"በጣም ትንሽ ነው፤ አትፍሪ" አልኳት።

"ሲያሳዝን!" አለች።