«እምቢ ብሏል» ባይዋ ቫትሳላ ታይ

መጀመሪያ አውራ ጣታቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ስልኩን ከፀሐይ ያዞሩና በግራ መዳፋቸው ጥላ ይሠሩለታል። ይጫናሉ፤ እስከ አምስት ቆጥረው ደግመው ይጫናሉ። ካልሆነ የስልኩን ገጽ በምራታቸው ስልክ ፎቶ አንስተው ለእኔ ይልካሉ። ከሥሩ ሁልጊዜ ሁለት ቃል ነው፦ «እምቢ ብሏል።»

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ እንዲህ ያለ ተጠቃሚ ይታዘዝለታል። የእኔ ድርሻ ክብርት ቫትሳላ ታይ ናቸው («ታይ» እንደ እኛ «እትዬ» ነው)፤ ከሕንዷ ከተማ ከፑኔ አራት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነፍሰ ጡሮችን የሚከታተሉ የጤና ሠራተኛ። የሠራነውን የመመዝገቢያ መተግበሪያ ሁለት መቶ ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። መቶ ዘጠና ዘጠኙ «ጥሩ ነው» ብለዋል። ታይ ሰባ ቅሬታ ልከዋል። ፊደሉ ያንሳል። ቀዩ ቀለም «ሴትዮዋን የሞተች ያስመስላታል»። የባልሽን ስም በድምፅ ተናገሪ ማለትማ ጭራሽ ነውር ነው፤ «የባሏን ስም አፏን ሞልታ የምትጠራ ሚስት እዚህ ፈልገህ አምጣልኝ።» ስልኬ ሲጮህ የቢሮ ጓደኞቼ «ሚኒስትሯ ናቸው» እያሉ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

ሰኔ ላይ ደወሉ።

«ነፍሰ ጡሯ ማንጁሻ፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የአምቡላንስ መጥሪያውን ከፍቼ ባየው የባሏን መንደር ነው የሚያሳየኝ።»

«ታይ፣ የተመዘገበችው እዚያ ነዋ።»

«እሷ እኮ ልትወልድ መጥታ እዚህ እናቷ ቤት ናት። ልቀይረው ብል እምቢ ብሏል።»

«አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ ብለን ነው የቆለፍነው።»

«ጎበዝ። አንተን ስትወልድ እናትህ የት ነበረች?»

«ሳታራ ከተማ፣ አያቴ ቤት።»

«በል እንግዲህ፣ ምጧ ሲመጣ መኪናው አርባ ኪሎ ሜትር ማዶ ሄዶ ባሏን ይጫን?»

ዘወር ብዬ ሁለቱን ባልደረቦቼን ጠየቅኳቸው። እነሱም እንደ እኔ የመጀመሪያ ልጆች ናቸው፤ እነሱም በእናታቸው ወገን አያታቸው ቤት ነው የተወለዱት። ሦስት በኩሮች ተሰብስበን ለገዛ እናቶቻችን የማይደርስ መተግበሪያ ሠርተናል።

በሁለት ቀን አንድ ጥያቄ ጨመርን፦ «አሁን ያለችው የት ነው?» አምቡላንሱም ወደዚያው እንዲላክ አደረግን። በአምስተኛው ቀን፣ በዚያ ዝናብ፣ ምጡ መጣ። መኪናው በሃያ ደቂቃ የእናቷ በር ላይ ቆመ። እናትም ልጅም ደህና፤ ሴት ናት።

የታይ መልእክት ምስጋና የለበትም፦ «ደርሷል። ሕፃኗን ልመዝግብ ስል ግን ስሟን ካልሞላሽ አላሳልፍም አለኝ። ስም የሚወጣው በአሥራ ሁለተኛው ቀን መሆኑን እናትህን ጠይቃትና አስተካክል።»

አስተካከልን። አሁን በየሰኞው ጠዋት የሚልኩልኝ ፎቶ ከዘገየ የምደውለው እኔ ነኝ። የሚያስጨንቁኝ እነዚያ «ጥሩ ነው» ያሉት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ናቸው።

ስለ ታይ ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ። «እኔን ትተህ ይህችን ጻፍልኝ፦ የምታነቡ ሁሉ፣ ስልካችሁ ላይ የሆነ ነገር አልሆን ሲላችሁ ‹እኔ ስላልተማርኩ ነው› ብላችሁ አትተዉት። የሠራውን ልጅ ፈልጋችሁ ንገሩት። እባካችሁ፣ ብቻዬን አልቻልኩትም።»