ስብሰባ ላይ የማይጠራው ቤት

እኛ አገር የሚያሳፍረውንና የማያሳፍረውን ነገር የደለደለልን ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቄ አነጋግረው ነበር። ወንዱ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ፣ ፊቱን ወደ አጥር አዙሮ ሲቆም አያፍርም። ፊቱን ካዞረ ማንም ያላየው ይመስለዋል። «ሽንት ቤት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ያሳፍረዋል፤ «እጄን ልታጠብ» ይላል። እናንተዬ፣ እጄን ልታጠብ ያለ ሁሉ እውነት ቢታጠብ ኖሮ ጅማ ላይ የሆድ በሽታ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

አክስቴ ፋጡማ በየወሩ ከገጠር፣ ከደዶ ይመጣሉ። ስኳር አለባቸው። ሐኪም ቤት ታይተው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው፣ ጊንጆ ሰፈር እኔ ቤት ምሳ በልተው ይመለሳሉ። ባለፈው ወር ግን ክፉ ኩራት ያዘኝና ወደ አዲሱ የወንዝ ዳር መናፈሻ ወሰድኳቸው። ጎጆ የሚያህል የሲሚንቶ ስኒ አለ፤ ቀለሙን የሚቀያይር ፏፏቴ አለ፤ በየሁለት እርምጃው መብራት አለ። አክስቴ ውሃው ሽቅብ ሲፈናጠር አይተው «ማሻ አላህ!» አሉ። እኔም ራሴ ያስፈነጠርኩት ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

ሻይ ጠጣን። ጥቂት ቆይተው ወሬ አቆሙ፤ አንዴ ይነሳሉ፣ አንዴ ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እጅ መታጠቢያ የለም?» አሉኝ።

መናፈሻውን ዞርኩት። የለም። ጥበቃውን ጠየቅኩት።

«ወንዶች ድልድዩ ሥር ይወርዳሉ» አለኝ።

«ሴቶችስ?»

«ሴቶች...» አለና ራሱን አከከ። «ሴቶች ቶሎ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።»

ልብ አድርጉልኝ! ወንበሩን የተከለ ሰው፣ ሰው እንደሚቀመጥ አስቧል። ሻይ ቤቱን የሠራ ሰው፣ ሰው ሻይ እንደሚጠጣ አስቧል። የተጠጣው ሻይ ወዴት እንደሚሄድ ግን ማንም አላሰበም። እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀራል ብለው ይሆን?

ባጃጅ ያዝን። ጊንጆ ሩቅ አልነበረም፤ ኮብልስቶኑ ግን አራቀው። በዘለልን ቁጥር አክስቴ «ያ ረቢ» ይላሉ። ቤቴ በር ላይ ስንደርስ «አንተ ቀድመህ ግባ» አሉኝና አልወረዱም። ያን ጊዜ መቀመጫው መርጠቡን አየሁ። አምስት ልጅ ያሳደጉ፣ ደዶ ላይ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠሩ ሴት፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀሩ። ነጂው ዘወር ብሎ አየና፣ «ምንም አይደል እማ፣ ጠዋት ዝናብ ገብቶበት ነው» አለ። ያን ቀን ዝናብ ጠብ አላለም። አላህ ይስጠው።

በማግስቱ መናፈሻውን ያሠራው ቢሮ ሄጄ መሐንዲሱ ላይ ጮህኩ። ትሁት ሰው ነው። እስክጨርስ ጠበቀኝና አንድ ፋይል አወጣ፤ የነዋሪዎች ውይይት ቃለ ጉባኤ ነው። «ፕላኑን ዘርግተን፣ ምን ይጨመር ብለን ጠይቀናችሁ ነበር» አለኝ። አነበብኩት። «ሽንት ቤት ይሠራ» ያለ አንድ ሰው የለም። አንዱ ስኒው ይተልቅ ብሏል። ከእኔ ስም ትይዩ «መብራት ይጨመርልን» ይላል።

ትዝ አለኝ። አዳራሹ ውስጥ የሰፈር ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ሴቶች ነበሩ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ በእነሱ ፊት እንዴት ይባላል ብዬ ዋጥኩትና መብራት አልኩ።

«እሺ፣ እርስዎ ባለሙያው ለምን አላነሱትም?» ብዬ አፋጠጥኩት።

«አስቤው ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ እናንተ ዝም ያላችሁትን እኔ ባነሳው ባለጌ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፤ ዝንቡ ሁሉ ድልድዩ ሥር ነው።

በዚህ ወር አክስቴ እንደ ልማዳቸው መጡ። ምሳ አቀረብኩና ውሃ ቀዳሁላቸው። በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ጅማ የምመጣ ቀን ከዋዜማው ጀምሬ ውሃ አልጠጣም» አሉኝ።

«እንዴ! ሐኪሙ ምን ይልዎታል?»

«ሐኪሙ ጠጪ ይለኛል፣ ከተማችሁ አትጠጪ ትለኛለች» አሉ። «የማንን ልስማ?»

ብርጭቆውን እንደሞላ አንስቼ ወደ ጓዳ መለስኩት።