ግጥምና የጋሽ አልታዬ እጅ

ግጥም የሚወድ ሰው ትልቁ ችግሩ መቀመጫ ማጣት ነው። ካፌ ብትቀመጡ አስተናጋጇ በየአሥር ደቂቃው «ምን ልጨምር?» ትላችኋለች። ሰው ቤት ብትሄዱ ቴሌቪዥኑ አለ። እና አምስት ሆነን ሽሮ ሜዳ፣ በጋሽ አልታዬ የሽመና ቤት ውስጥ ቦታ ስናገኝ ምን ያህል እንደተደሰትን አስቡት። ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን፤ እኛ እናነባለን፣ እሳቸው ይሸምናሉ።

ደንባችን ቀላል ነው። መጀመሪያ የድሮ ግጥም ይነበባል፣ ቀጥሎ ዘመናዊ። ዘመናዊውን የማስረዳው እኔ ነኝ። ማን መረጠህ አትበሉኝ፤ ማንም አልመረጠኝም። አስተማሪም አልነበረኝም፣ አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ከሚዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት ነው የለቀምኩት። ለብቻው የተማረ ሰው ደግሞ ያወቀውን ካልተናገረ ያመዋል።

ታዲያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የድሮው ሲነበብ የጋሽ አልታዬ መወርወሪያ ከግራ ቀኝ ይመላለሳል። ስንኙ ቤት ሲመታ እሳቸውም ማጉን መታ ያደርጋሉ። ተራው የዘመናዊው ሲሆን ግን እጃቸው ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ጠሩኝና የመዘምራን ነጠላ መታዘዛቸውን፣ ሥራው ለፋሲካ ካልደረሰ ግን ሌላ ቤት መፈለግ እንዳለብን እያዘኑ ነገሩኝ።

እኔ ምን ገባኝ? ቤት የማይመታ ግጥም አልጣማቸውም ብዬ ደመደምኩ። መፍትሔውስ? የበለጠ ማስረዳት ነዋ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ማብራሪያዬን ከሃያ ደቂቃ ወደ አርባ አሳደግኩት። ስለ ስንኝ አሰባበር ተናገርኩ። ስለ ዝምታማ ብዙ አወራሁ። ጋሽ አልታዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። እየገባቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ጠፋ። ሰላም ደግሞ ያን ዕለት የራሷን ግጥም ይዛ መጣች። ሰላም የማኅበራችን አባል ናት፣ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ ምላሷ ከመቀሷ ይበልጥ ስል ነው። ግጥሟ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስለምትወርድ ሴት ነው። አንዱ ስንኝ ረጅም፣ አንዱ ሁለት ቃል፤ ቤት መምታት የሚባል ነገር የለውም። አንብባ ጨረሰች። የሚያስረዳ የለም። በምልክት ልሞክር እጄን ሳነሳ፣ «አንተ፣ ጉሮሮህን አሳርፍ። እጅህንም ጨምረህ» አለችኝ።

ለካ መወርወሪያው አልቆመም። ጋሽ አልታዬ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ቤት ያልመታው ሴትዮዋ ማረፊያ ስላላገኘች ነው» አሉ።

አርባ ደቂቃ የፈጀብኝን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ሰላም ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም በሹክሹክታ፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሥራ ያቆሙ ነበር?» አልኳቸው።

ትንሽ አፈሩ። «ግጥሙማ ለሁሉም ነው የሚነበበው፤ እየሠራሁም እሰማዋለሁ። አንተ ግን ዓይን ዓይኔን እያየህ ነው የምታስረዳኝ። ሰው እያናገረኝ እጄን ባንቀሳቅስ ንቀት አይሆንም?»

ጀርባዬን ሰጥቼ ላስረዳ ብል ደግሞ እሱም ለታላቅ ሰው ነውር ነው። በቃ ተደራደርን። ከእንግዲህ የማስረዳው ሻይ ሊጠጡ ከሥራ ሲነሱ ብቻ ሆነ። አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ አንድ ማብራሪያ። የሚጠጡት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው።

ነጠላው ፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው ተጠናቀቀ። ቤቱንም ሳንለቅ ቀረን።

እኔም ከዚህ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ቀስሜ፣ ጥሩ ግጥም ማብራሪያ እንደማያስፈልገው የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ለጋሽ አልታዬ ነገርኳቸው።

«ስንት ሻይ ይፈጃል?» አሉኝ።

«ከሦስት አያንስም» አልኳቸው።

ቅዳሜ ስደርስ ትልቁን ፔርሙስ አስሞልተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኝ ነበር።