ባሕሩ ትኬት ቆርጦ መጣ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ እናቴን ይዤ በባቡር ወደ ባሕር ስሄድ አየሁ።

እናቴ ወይዘሮ አልጋነሽ ድሬዳዋ ተወልዳ ድሬዳዋ ያረጀች ሴት ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ስለ ባሕሩ ያወራላትና «በሚቀጥለው ጉዞ እወስድሻለሁ» ይላት ነበር። ሳይወስዳት ሞተ።

በሕልሜ ሹፌሩ፣ ትኬት ቆራጩና የጣቢያው ኃላፊ የባቡሩ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው እኛን ይጠብቃሉ። ኃላፊው ኮፍያውን አውልቆ፣ «እማማ፣ እባክዎ ይሳፈሩልን፤ ሰው ካጣን ሰነበትን» አላት።

«እስቲ አስብበታለሁ» አለችና ገባች።

ባቡሩ ጮኸ እንጂ ንቅንቅ አላለም። የሚጓዘው አገሩ ነበር። ድሬዳዋ ወደ ኋላ ሄደች፤ በረሃው ግመሎቹን እየነዳ አለፈ፤ በመጨረሻ የባሕሩ ዳርቻ እያለከለከ መጥቶ መስኮታችን ሥር ቆመ። ነጭ አሸዋ፣ ጀልባዎች፣ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሰገነት አሮጌ ቤቶች።

ቤቶቹ ተራ በተራ ወደ ፉርጎው ገቡ። ለካ ጎብኚዎቹ እነሱ ናቸው፤ ቅርሶቹ እኛ። ለመርከቦች መብራት የሚያሳየው ማማ ከፊት ከፊት እየሄደ ያስረዳቸዋል።

«ይህች እናት ናት። በእጅ መንካት ክልክል ነው።»

አንድ የተሰነጣጠቀ ቤት ጎንበስ ብሎ እናቴን ጠየቃት። «መቼ ተሠሩ?»

«ጣልያን በወጣ በዓመቱ።»

«አላደሱዎትም?»

«ማን ያድሰኛል? ይሄ ልጄ ነው እንደ አቅሙ የሚጠግነኝ።»

«እኔን ልጆቼ ቆልፈውኝ ሄዱ» አለ ቤቱ። እናቴ እጇን ዘርግታ ስንጥቁን ዳበሰችው።

ከዚያ ባሕሩ መጣ። ትኬቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ግን አልገባም።

«ምነው?» አለችው።

«አፍሬ ነው። ስንት ዘመን አስጠበቅሁዎት።»

«እኔስ ግድ የለም፤ ባሌን ነው ውሸታም ያደረግኸው።»

ባሕሩ አቀረቀረ። እናቴ አንጀቷ አልቻለም መሰለኝ፣ ጫማዋን አወለቀች። ወደ በሩ ስትራመድ ነጠላዋን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ከገባሽ ትመለሻለሽ?»

«አንተ ልጅ፣ ባሕር ሊያይ የሚሄድ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

መልስ አልሆነኝም። ፈራሁ። ነጠላዋን ግን ለቀቅኩት። ባሕሩ ቀስ ብሎ ወደ እግሯ ጎንበስ ሲል፦

«ግዛቸው! ውሃው ቀዘቀዘ እኮ!»

ነቃሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ያበጠ እግሯን ጨው በተበጠበጠበት ሳፋ ውስጥ እንደያዝኩ ነው እንቅልፍ የጣለኝ። ነርሷ ያዘዘችላት ነው። እናቴ የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ዓመት ሊሞላት ነው።

ሕልሜን ነገርኳት። ከዚያ ሳፋውን ትክ ብላ አየችው።

«እውነተኛው ባሕር ከዚህ የባሰ ጨዋማ ነው?»

«በጣም እንጂ።»

«እንግዲያው ጨምርበታ!»

የጨው ፓኬቱን እንዳለ ገለበጥኩበት።